ሠላሳ «ልዩ» ጋሪዎች

ሚያዝያ 8

ሙቀት። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ከሰዓት መጣ። አንድ የተገነጠለ በር በየድኩ። ኒሞ ጋሪዋን አመጣች... የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ልኩ የሆነ ኩሽኔታ ገበያ ላይ ስለሌለ ትቆይ አልኳት። የእህቷን ትዋሳለች።

ያቺ ጋሪ ኩራቴ ናት። ኒሞ ከፊራ ገበያ ፓፓያና ማንጎ ትሸጣለች። ልጅ ሆና የተሰበረ ግራ ክንዷ ስላልገጠመ ከወገቧ በላይ አይነሳም። ስለዚህ የግራውን እጀታ ዝቅ አድርጌ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤ በዳሌዋ ደገፍ አድርጋ ትገፋዋለች። ልኳን በገመድ ወስጄ ነው የሠራሁት። ድሬዳዋን ብታስስ ሁለተኛ አታገኝላትም።

ጎኗ ላይ በጠመኔ «ልዩ» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ወርክሾፕ ልዩ ማለት ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ፣ ከሌላ ጋር እንዳይቀላቀል ማለት ነው። ጉሌድ ዛሬም የለም። ሥልጠና ላይ ነው።

ሚያዝያ 11

ጉሌድ ሠልጥኖ መጣ። ሦስት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠለጠነ! ፋይልና ኮፍያ ተሰጥቶታል። ሸሪኬ ነው፤ ቤቱ የእሱ፣ ሙያው የኔ። ብየዳ አይችልም። ከሰዓቱን ሙሉ ግን እኔን ሲያስተምረኝ ዋለ።

አመራረት ሦስት ዓይነት ነው አለ... ነጠላ ምርት፣ የቡድን ምርት፣ የጅምላ ምርት። እኛ ነጠላው ላይ ተቸክለን ቀርተናል። ነጠላ የሚለበስ ነው አልኩት። አልሳቀም።

አንድ ዓይነት ጋሪ ሠላሳ እንሥራ አለ። አንዴ ማሠሪያ ቅርጹ ከተዘጋጀ ማንም ብረቱን አስገብቶ ይበይዳል። ማንም! ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኔን በብየዳ የጨረስኩት ለካ ማንም የሚችለውን ነው። ሰው ሁሉ ቁመቱ አንድ ነው? የመጋላ ጠባብ መንገድና የከዚራ አስፋልት አንድ ነው? ይህን ሥልጠናው ላይ አልነገሩትም።

ሚያዝያ 13

ያለንን ቱቦላሬ ብረት ሁሉ ለጋሪ መደበው። የያዝኩትን የበር ሥራ ሳይቀር ሰረዘብኝ። ተነጋገርን፣ ማለት ተጯጯህን። ሠላሳዎቹ ካልተሸጡ ጅምላ የሚባል ቃል እዚህ ግቢ አይጠራም አልኩ። ተስማማ። ከተሸጡ ግን እኔም ቅርጹ ላይ ቆሜ አንድ ዓይነት ዕቃ እየበየድኩ ልውል ነው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ትዝ አለኝ። እዚያ ተቀጥሬ ወራት ሙሉ አንድ ዓይነት ብሎን ሳጠብቅ ኖሬአለሁ። መጨረሻ ላይ ዕቃው ምን እንደሚሆን እንኳ አላየሁም። ዳግመኛ? ወላሂ አልሞክረውም።

ናሙና የቱን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። ደስ ያለህን አልኩት። ነገ ሐርላ ወፍጮ ልጠግን እሄዳለሁ፤ ሳምንቱን እዚያው ነኝ። እፎይ።

ሚያዝያ 21

ተመለስኩ። ሳቄ አፈነኝ። ግቢው በጋሪ ተሞልቷል... ሁሉም ግራ እጀታቸው ዝቅ ያለ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የቀን በያጆች ቀጥሮ ኒሞን ሠላሳ ቦታ አባዝቷታል! ዋናዋ ጋሪ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ጠመኔዬ ገና አልጠፋም።

«ምነው ከስንት ጋሪ የኒሞን መረጥክ?» አልኩት።

«አቦ አንተው አይደለህ ልዩ ብለህ የጻፍክባት? ከሁሉ ጥሩ ያልካትን ወሰድኩ።»

ልዩ ማር፣ ልዩ ቅቤ፣ ልዩ ጁስ... ዕድሜውን የሱቅ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረ ሰው፣ ምን ይፈረድበታል? እጀታውን አላየም፣ ጽሑፉን አየ። የባሰው ደግሞ ሁሉም ላይ በቀይ ቀለም «ልዩ» አስጽፎበታል። ሠላሳ አንድ ዓይነት ልዩ!

ስለ ክንዷ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

ሚያዝያ 22

ጉሌድ ቁጭ ብሎ ጋሪዎቹን ያያል። እጀታቸውን እየቆረጥን ብናስተካክልስ? አለ። አንድ በአንድ? ያ እኮ ነጠላ ምርት ይባላል አልኩት። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ኩሽኔታውን ቀየርኩና ኒሞ ጋሪዋን ወሰደች። ሠላሳዎቹን አየች። እኔን አየችኝ። ፈጠን ብላ እየገፋች ሄደች። አካሄዷን አልወደድኩትም።

ሚያዝያ 28

ጉሌድ ከጋሪዎቹ የተወሰኑትን ከፊራ ላሉ ሴቶች ሰጠ፤ ሞክሩት፣ ካልወደዳችሁ መልሱ ብሎ። የሚመለሱት የሚቆሙበትን ቦታ ጠርጌ አዘጋጀሁ። በዚህ እንኳ ልርዳው።

ግንቦት 1

አንድም አልተመለሰም። መመለስ አፍረው ይሆናል።

ግንቦት 6

ናዲፋ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ መጣች። ይኸው ልትመልስ ነው አልኩ በሆዴ። ለካ ለእህቷ ሌላ ፈልጋ ነው። ጠማማ መሆኑን አላየሽም ወይ አልኳት።

«በዳሌ ይሄድልኛል እኮ፤ በአንድ እጄ ጥላ እይዛለሁ» አለች።

ጥላ! በዚህ ፀሐይ... ሴቶቹ በአንድ እጅ ጥላ፣ በአንድ እጅ ጋሪ ይዘው ሲታገሉ በየቀኑ በደጄ ያልፋሉ። አይቼ ምን አሰብኩ? ምንም። መጥታ ያዘዘችኝ የለችማ።

ጉሌድ ጥርሱን መክደን አቃተው። የገበያ ጥናት ነው ይላል። ጥናት! የኔን ጠመኔ አንብቦ።

ግንቦት 17

አለቁ። ሁለተኛው ዙር ተጀመረ፤ እኔም ቃሌ ነውና ቅርጹ ላይ ቆምኩ። አስገባ፣ እሠር፣ በይድ፣ አውጣ። እንደገና አስገባ። ከሰዓት ላይ እጄ ሳላስብ ራሱ ይሄድ ጀመር... ያን ያህል አላስጠላኝም። ይህን ለጉሌድ ከምናገር ምላሴን እቆርጣለሁ።

አንድ ሰውዬ መጥቶ ሁለቱም እጀታ እኩል የሆነ አላችሁ? አለ። ጉሌድ ቀና ብሎም ሳያየው «እሱ በልዩ ትዕዛዝ ነው» አለው። ክው አልኩ።

ግንቦት 22

ኒሞ መጣች። ጎማዋ ተንፍሶ ነው። ስፈራው የነበረ ቀን። ልኳን ወስደን ለአገር ሁሉ ቸበቸብነው እኮ። ጥፋቱን ለጉሌድ ለማሸከም ተዘጋጅቼ ነበር። ጎማውን እየሞላሁ፣ አዲስ እሠራልሻለሁ፣ ማንም የሌለው፣ ከተማው አይቶት የማያውቅ አልኳት።

«ተው ካሣ፤ አልፈልግም።»

ከዚያ ነገረችኝ። ጋሪዋን ከሠራሁላት ጊዜ ጀምሮ ከፊራ ውስጥ ስሟ «የሰባራዋ ጋሪ» ነበር። ትከሻቸውን አጣመው ከኋላዋ የሚከተሏት ነበሩ። ሰው የበዛ ቀን በጓሮ መንገድ ትዞር ነበር። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ስትሠራው በጣም ደስ ብሎህ ነበር አለች። እኔ ደግሞ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ጋሪዋን ሳሳይ...

«አሁን ሁሉም እንደ እኔ ነው የሚገፋው» አለች። «ዞሮ የሚያየኝ የለም።»

በሩ ድረስ ሸኘኋት። ወደ ከፊራ የሚሄዱ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ሁሉም ግራቸው ዝቅ ያለ፣ ሁሉም ሴት በዳሌዋ ትገፋለች። መሀላቸው ገባች። ትንሽ እንደሄዱ ኒሞ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።