ብቻውን የመጣ ኒሻን

ጥር 6፣ 1967
ገበያ ዋልኩ። ሰው እንጂ እህል የለም። ጎረቤታችን ካሳ በሬያችንን ሊያይ መጣ። የእሱ አንድ፣ የእኛ አንድ... እንደ አምናው አቀናጅተን ለበልግ ልናርስ ነው። እማዬ ልትሸጠው ስትል ስንት ለምኗት ነው የተወችው። ጎኑን ዳበሰና «ከስቷል፤ ግን ይችላል» አለ። ስለ በሬው ነው ስለ ራሱ?

ጥር 9
ባለሱቁ አራጌ ጠራኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ለእናትሽ ብሎ የተወው ነው አለኝ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር። ፈታሁት። የወንድሜ የቸኮል ኒሻን! ያ ፎቶግራፉ ላይ ደረቱ ላይ የሚታየው። ሁለት ክንፍ፣ መሐሉ ዘውድ። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ ዘውድ ያለበት ነገር ያስፈራል። ቶሎ ሸፈንኩት።
«ሌላ ምን ብሎሃል?»
«ምንም። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።»
ቸኮል አየር ኃይል ከገባ ዓመታት አለፉ። ለምን እንደሸለሙት ነግሮን አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ሰው ገድሎ እንዳይሆን ፈርቼ።
ለእማዬ ሰጠኋት። አየችው። ቁጭ አለች። ከዚያ ጮኸች።

ጥር 11
ጥምቀት ነው። አገሩ ነጭ ለብሶ ታቦት ይሸኛል፣ እኛ ቤት ለቅሶ። እዚህ የሟች ዕቃ ከመርዶው ይቀድማል። የአባዬም ጠመንጃ ነው ቀድሞት የመጣው። ስለዚህ ማንም ምንም አልጠየቀም። እማዬ ጠጉሯን ተላጨች፣ ቀሚሷን ጥቁር አስነከረች። ኒሻኑን ትራስ ላይ አስቀምጠው ያለቅሱለታል።
«በሰማይ በሰማይ ሲሄድ የኖረው፣
መቀበሪያ አፈር ምነው ቸገረው?»
እኔ አላለቀስኩም። አላለቅስምም! ሞተ ያለኝ ማነው? ብረት አፍ አለው እንዴ? «ምን ያለች ደንዳና ናት፣ ወንድሟ ሞቶ!» ይላሉ ሴቶቹ። ይበሉ።

ጥር 16
እማዬ ለአርባው በሬውን አሳርዳለሁ አለች።
«በዚህ ራብ?»
«ልጄ ተዝካር ሳይወጣለት ይቅር?»
«ካሳስ በምን ይረስ? እኛስ ምን እንብላ?»
«አንቺ ልብ የለሽም፣ ብርሀንነሽ።»
ልብማ አለኝ። እየነደደ ነው። የበረቱ በር ላይ ቆምኩና ቢላዋ ይዞ የሚመጣ መጀመሪያ እኔን ይረድ አልኩ። ቄሱም ታዘቡኝ። ይታዘቡኝ።

ጥር 23
መኪና መጣ። ሌላ ሹፌር ነው። ኒሻኑን ያመጣው ጀብሪል ይባላል፣ ደሴ ነው አለኝ። እጠብቀዋለሁ።

የካቲት 3
ጀብሪል መጣ! ሳይወርድ የመኪናውን በር ያዝኩት።
«ኒሻኑን ማን ሰጠህ?»
«ባለቤቱ ነዋ! ኮምቦልቻ፣ በአውሮፕላን እህል ሊያራግፍ መጥቶ።»
«በሕይወት?»
«ወላሂ! አብሮኝ ሲጋራ አጭሷል እኮ። እናትህ በሬዋን ልትሸጥ ነው ብለውታል። በሬውን ትተው፣ ይኼን ትሽጥ በልልኝ አለኝ። ለባለሱቁ አልነገርኩትም እንዴ?»
አልነገረውም። ሳይመሽበት ሊሄድ ሲሮጥ ረስቶታል። ልመታው ነበር። ጎማው ላይ ተደግፌ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ።
ምን ሠርቶ እንደተሸለመም ጠየቅሁት። ሞተሩ የተቃጠለ አውሮፕላን፣ ሰው እንደሞላው፣ ማሳ ላይ አሳርፎ ነው። አንድ ሰው አልሞተም። ጀብሪል ታዲያ ለምን ትሰጠዋለህ ቢለው፣ «ከላይ ሆኜ መንገድ ዳር የወደቀውን ሕዝብ ሳይ፣ ደረቴ ላይ ከበደኝ» አለው።
ሰው በሕይወት ስላወረደ የተሰጠውን ነው እኛ ለሞቱ ያለቀስንበት።

የካቲት 4
ለእማዬ ነገርኳት። በጥፊ አለችኝ። ከዚያ እየሳመችኝ እልል አለች። ከዚያ ራሷን ዳሰሰችና «ውይ ጠጉሬን! ሲመጣ ምን ልበለው?» አለች። ስቄ ሞትኩ። ኒሻኑንም በሬውንም አልሸጥም ብላለች።

የካቲት 14
እማዬ ጥቁር ቀሚሷ ላይ ኒሻኑን አድርጋ ገበያ ወጣች። ሌላ ቀሚስ የላትም፤ ጥቁሩም አይለቅም። ከአዲሱ ኮሚቴ አንዱ አስቆማት።
«እማማ፣ ዘውድ ያለበት ነገር ተከልክሏል። ያውልቁት።»
ሰው ከበበን። ብትታሰርስ?
«ዘውዱን ከፈለግህ ፋቀው» አለችው። «ክንፉ ግን የልጄ ነው፤ ሰው አውርዶበታል። ሞቷል ብዬ ያለቀስኩት በዚህ ነው። በሕይወት ሳለ ላውልቀው?»
የኮሚቴው ልጅ ወደ እኔ ዞረ፣ እንድመክራት።
«እኔን ተወኝ፣ እኔ ልብ የለኝም» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳይወድ ፈገግ ብሎ ሄደ።
ከሰዓት በኋላ ካሳ ሁለቱን በሬዎች ጠመደ። እማዬ ኒሻኑን ሳታወልቅ፣ ከኋላ ከኋላው ጓል ትከሰክሳለች።