አባባ ከወፍጮው ጋር የታገሉ ዕለት

ይድረስ ለወንድሜ ለኤላዲዮ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ትሪፎና እንዴት አለች? ትንሿ ኔሊያስ ጥርስ አወጣች? እዚያ ሽቱትጋርት ብርዱ ጀመረ ይሆን? የፋብሪካው ጭስ ደረትህን እንዳይጎዳው እሰጋለሁ። እኛ ደህና ነን፣ ይህ ደህና ከተባለ። ከአባባ ክንድ በቀር ሁላችንም ጤነኞች ነን።

አሁን ተናድጃለሁና ታገሰኝ። ባለፈው ደብዳቤህ “አባባ ከወፍጮ ጋር መዋጋታቸውን ይተዉ በያቸው” ብለህ ጽፈሃል። አንተም? በሌለ ጠላት ላይ ጦር የሚሰብቅ ሁሉ በዚህ አገር “ከወፍጮ ጋር ይዋጋል” ይባላል። ቄሱ በስብከት ይሉታል፤ መምህሩ ልጆቹን ይገሥጽበታል፤ ባለሱቁ በሸክላ ሳህን ላይ ጽፎ ለእንግዳ ይሸጠዋል። ባሌ እንኳ ወይኑ ኮምጥጧል ባልኩት ቁጥር ይኸንኑ ይመልስልኛል። በአባባ የነፋስ ወፍጮ ዱቄት ያደግህ አንተ ግን ይህ ከአፍህ ይውጣ? ለአባባ ሳነብላቸው ዘለልኩት። እሳቸው ግን “ምን ዘለልሽ?” አሉኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለመንደሩ በዓል እንግዶች እንዲያምር ብሎ የወፍጮአችንን አራት ክንፎች አዲስ ነጭ ሸራ አለበሳቸው። አባባ በማለዳ ወፍጮው ላይ ወጥተው እንደ ልማዳቸው የየትኛው ነፋስ መምጫ እንደሆነ በሚለዩባቸው በአሥራ ሁለቱ ትንንሽ መስኮቶች ፊታቸውን እያስጠጉ ዞሩ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። “ፍየል ገዳዩ ነፋስ ከቀትር በፊት ይመጣል፤ ሸራው ይውረድ፣ አለዚያ ክንፉ ይሰበራል” አሉ። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና አልነበረም። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሌዎንሲዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ጋሽ ካሲያኖ፣ ደግሞ ከወፍጮ ጋር ጦርነት ጀመሩ? ኧረ ዛሬ እንኳ ይረፉ!” አላቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልዋሽህ።

ነፋሱ መጣ። አቤት አመጣጡ! ክንፎቹ እንደ እብድ ተሽከረከሩ፤ የማቆሚያው እንጨት መጨስ ጀመረ። አባባ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከወፍጮው ኋላ ያለውን ረጅም የጣሪያ ማዞሪያ ግንድ አቅፈው ጣሪያውን ከነክንፎቹ ከነፋሱ ለማዞር ትግል ገጠሙ። በአውቶቡስ ከማድሪድ የመጡት እንግዶች ማዘጋጃ ቤቱ ያሰናዳው ትርኢት መሰላቸውና አጨበጨቡ! “ጎበዝ ሽማግሌ! በለው!” እያሉ ካሜራቸውን ደገኑ። ግንዱ ተወርውሮ ክንዳቸውን ሰበረው። እሳቸው ግን በቀረው እጃቸው መሬት ላይ ከተተከለው ድንጋይ ጋር ሳያስሩት አልለቀቁም። አንድም ክንፍ አልተሰበረም።

ሌዎንሲዮ አሁን ምን ቢል ጥሩ ነው? በየዓመቱ ይደገም ይላል! የትርኢት ልብስም ላሰፋላቸው ይላል፤ የወፍጮውንም ቁልፍ አምጡ ብሎናል። አባባ ቁልፉን ትራሳቸው ሥር አድርገው “መስኮቶቹን የሚያውቃቸው ኤላዲዮ ነው። ለገና መጥቶ ይረከበኝ፤ ካልመጣ ለሌዎንሲዮ ስጪው” ብለዋል። እኔ የማውቀው ሰባቱን መስኮት ብቻ ነው። እባክህ ና፤ መምጣት ካቃተህም ራስህ ጻፍላቸው፣ እኔን አፍ አታድርገኝ።

ባሌ ሰላም ብሎሃል። አክስታችን ኦቢዱሊያ ጉልበቷን እያማረረች ትስምሃለች። አባባም ሰላም ይሉሃል፤ ያን የዘለልኩትን አልነገርኳቸውም። ትሪፎናን እቀፍልኝ፣ ኔሊያስን ጉንጯን ሳምልኝ።

እህትህ ቤኒታ
ቪያሴካ ዴል ሴሮ፣ ላ ማንቻ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1969

ይህን ከፈረምኩ በኋላ ነው ልጨምር የወሰንኩት። አንድ እንግዳ የዚያን ዕለት ፎቶ ልኮልናል፤ እዚህ ውስጥ አለልህ። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ ከግንዱ በቀር የታያቸው የለም። ከፊት ቆማ የምታጨበጭበውን ሴት እያት። ያጨበጨብኩት አባቴ መሆናቸውን እንግዶቹ እንዳያውቁብኝ ብዬ ነው።