ባትሪዬን ማን ይጠጣዋል

ጥር 4፣ ሰኞ

ከቆሰበር እስከ ዳንግላ ባለው አገር ፊደልን እንደ እኔ በአንድ ወር የጨረሰ ሰው የለም። እሺ... በሦስት ወር። «ቋ» እና «ኰ» ደግሞ ገና ይቀሩኛል። ግን አላቋረጥኩም።

የማታው ትምህርት ዓርብ አለቀ። መምህርት የምሥራች ለሁላችንም አንዳንድ ባዶ ደብተር ሰጠችን።

«በየቀኑ ትንሽ ነገር ይጻፉበት፤ አለዚያ ይጠፋብዎታል» አለችኝ።

«እኔ? እኔ እኮ መጽሐፍ ነው የምጽፈው።»

«መጀመሪያ ስምዎን ሳይሳሳቱ ይጻፉ።»

እንግዳው። ይኸው። አልተሳሳትኩም።

ዛሬ ምን ሆነ? ፒካፗ አልነሣ አለች። ቅዳሜ ከጥሊሊ ድንች ጭና መጥታለች፤ ደህና ነበረች። ዛሬ ቁልፉን ሳዞር ጠቅ... ከዚያ ዝም። ባትሪው አዲስ ነው፣ በጥቅምት የገዛሁት። ማለቴ ለእኔ አዲስ ነው። ቆማ እያደረች ማን ይጠጣዋል?

ምህረቴ ብትኖር ትገፋት ነበር። ምህረቴ ሚስቴ ናት። ዳንግላ ወንድሟ ቤት ናት፣ ከመስከረም ጀምሮ። ለምን እንደሄደች ሌላ ቀን እጽፋለሁ። እጄ ደከመ።

ሄጄ ላመጣት ነው። በሚኒባስ ግን አይሆንም። በራሴ መኪና፣ ክላክስ እየነፋሁ ነው የምገባው። ስለዚህ መጀመሪያ ይቺ ትነሣ።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ሱሀይል መጣ። መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ አየ።

«ሌባ አለ» አለ።

«የት?»

«እዚሁ ውስጥ። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ነገር እየበላ ነው።»

የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታና በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል አስገባ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ... አምፖሏ በራች። ፈዘዝ ብላ።

«የሚበላ ባይኖር አትበራም ነበር። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀላቸው። የትኛው ሲነቀል እንደምትጠፋ እይ። ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው።»

አሥራ ሁለት ፊውዝ አለ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል፤ ባይፋቅም የፈረንጅ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ፕላስተር ቆራርጬ ፊደል ጻፍኩባቸው። ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ። ልክ አሥራ ሁለት። ሱሀይል እጄን ያያል።

«መጻፍ መቼ ተማርክ?»

«ድሮም አውቃለሁ። የጠየቀኝ የለም።»

ትምህርት ቤት መግባቴን ማንም አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ማታ ማታ ጥበቃ የተቀጠርኩ ይመስለዋል። እኔ ነኝ እንዲመስላቸው ያደረግሁት።

ሱሀይል የእያንዳንዱን ፊውዝ ሥራ በወረቀት ጻፈ። ይሄ መብራት፣ ይሄ የዝናብ መጥረጊያ፣ ይሄ ክላክስ... ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ጥሊሊ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። «ራስህ ሞክርና ደውልልኝ።»

ጥር 7፣ ሐሙስ

ዛሬ ቀልድ የለም። ያን ነገር ልጻፈው።

የመስቀል ማግስት ነው። ጥርባ፣ ዘመድ ቤት። ሰው ሞልቷል፣ ጠላ አለ። አንዱ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ የለም፣ ነገሩ ምንድን ነው?» አለ። እኔ ቀልደኛ ነኝ አይደል? «ምን ላድርግ፣ ፈረስ ስገዛ በምራቂ የተሰጠችኝ ናት። ምራቂ ነገር አይወልድም» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቀና ስል ምህረቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። ቀስ ብላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ወጣች።

ቤት ስደርስ ሳጥኗ የለም።

ያን ቀልድ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በልቤ እንደደገምኩት... አንድ ጊዜም አላሳቀኝም።

በጥቅምት ትምህርት የገባሁት ደብዳቤ ልጽፍላት ብዬ ነው። እሷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ቤታችን የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የምታነበው እሷ ነበረች። አሁን ፊደሉ መጣ፣ ደብዳቤው አልመጣም። በጀመርኩት ቁጥር መሀሉ ላይ ቀልድ ይሆንብኛል።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

አገኘሁት። ብቻዬን።

ሀ ነቀልኩ፣ አምፖሏ እንደበራች ናት። መለስኩት። ለ፣ አሁንም በርታለች። እንዲህ እያልኩ ሰባተኛው ላይ፣ ሰ ላይ ስደርስ ድርግም። ለሱሀይል ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ሰ ነው» አልኩት።

«ቆይ ወረቀቱን ልየው... ክላክስ ይላል። የክላክሱን ገመድ ንቀለው።»

ፊውዙን ቦታው መልሼ የክላክሱን ገመድ ነቀልኩ። አበቃ። ለአምስት ሰው ነገርኩ። ለስድስተኛው ልነግር ስል አቋርጦኝ «ሰምቻለሁ» አለ።

ክላክስ ሳልነፋ ዳንግላ መግባቴ ብቻ ነው የከፋኝ።

ጥር 11፣ ሰኞ። ጥምቀት።

ታቦት ሸኘሁ። አምና በግራዬ እሷ ነበረች። ዘንድሮ የማላውቀው ሰውዬ ቆሞ ሎሚ ይመጥጣል።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጠቅ። ሞታለች። እሑድ ያስሞላሁት ባትሪ ነው።

ጎረቤቴ ጋሼ ይኸነው በአጥሩ በኩል አዩኝ። ለእኔ ብለው ሁለት ጊዜ ለሽምግልና ዳንግላ ሄደዋል።

«ዛሬም?»

«ዛሬም፣ ጋሼ።»

«ስማኝ እንግዳው። ወንድሟ የነገረኝ አለ። ጥር ሲያልቅ ባሕር ዳር ልትሄድ ነው። ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ ተገኝቶላታል።»

ኮፈኑን ያዝኩ።

«በሚኒባስ እኮ ቅርብ ነው» አሉ።

«መኪናዬ ትሠራልኝና በእሷ...»

«መኪናህ ናት የማትነሣው ወይስ አንተ?»

መልስ ነበረኝ። አስቂኝ መልስ ነበር። አልሰጠኋቸውም።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሱሀይል ከጥሊሊ ተመለሰ።

«ክላክሱን ከነቀልክ በኋላ አምፖሏን አስገብተህ አየህ?»

«ምን ያደርጋል፣ ሌባውን አውቄው...»

«አላየህም።»

አስገባት። በራች። ወረቀቱን አወጣ።

«ሰ አላልከኝም?»

«ሰ ነዋ።»

«ይኸው፣ አምስተኛው። ክላክስ።»

«እኔ ሰባተኛውን ነው ያልኩህ።»

ሁለታችንም ፕላስተሩ ላይ አጎነበስን። አምስተኛው ንጉሡ ሠ ነው። ሰባተኛው እሳቱ ሰ። በስልክ ሁለቱ አንድ ናቸው። መምህርት የምሥራች «በድምፅ አይለዩም፣ በመልካቸው ያዙአቸው» ስትል እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሰው አስቅ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁጥር ብትጽፍባቸው ምን ነበረበት?» አለ ሱሀይል።

«ቁጥርማ ማንም ይችላል።»

እሳቱ ሰ የውስጥ መብራት መስመር ነው። የጣሪያው አምፖል ከተቃጠለ ቆየ። ሱሀይል የዳሽቦርዱን ሳጥን አሳየኝ።

«እዚህ ውስጥ ትንሽ መብራት አለች፤ ክዳኑ ሲከፈት የምትበራ።»

«ክዳኑ ዝግ ነው።»

«ሲዘጋ መጥፋቷን በምን ታውቃለህ? ውስጥ ገብተህ አይተሃል?»

ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጎ ውስጥ አስቀመጠና ዘጋው። እስከ ሃያ ቆጠርን። አውጥተን ፊልሙን አየን። ክዳኑ ይዘጋል፤ ውስጡ ግን ቀን እንደሆነ ይቀራል። ክዳኑ መብራቷን የሚያጠፋውን ቁልፍ አይነካውም። አንድ ነገር እየገፋ በደንብ እንዳይገጥም አድርጎታል።

ገባኝ። ቀድሜ እጄን ልሰድ ስል ሱሀይል ቀደመኝ። የተጠቀለለ ወፍራም ደብተር ጎትቶ አወጣ።

«የማን ነው?»

«የልጅ።»

«አንተ ልጅ የ...» አለና ተወው።

ከዚያ ገለጠው። የማታ ትምህርቴ ደብተር ነው። ሰው እንዳያይብኝ በጥቅምት እዚያ ደበቅሁት፤ ሁልጊዜ ከክፍል ስመለስ እዚያው እወትፈው ነበር። የተገለጠው ገጽ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ነው። ምህረቴ። ምህረቴ። ምህረቴ። «ረ» በየቦታው ተጣሞብኛል።

ሱሀይል እንኳን ይህን አግኝቶ እንዲሁም አይለቀኝም። ዛሬ አልቀለደም። ደብተሩን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ጥበቃ ነኝ ብለኸን...»

«ይህንኑ ነበር የምጠብቀው» አልኩት።

ሦስት ወር ሙሉ። መኪናው ቆሞ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ስሟ ላይ መብራት ሲበራ ያድር ነበር።

ጥር 15፣ ዓርብ

ደብተሩን ቤት አስገባሁት። ባትሪው ሱሀይል ዘንድ ሲሞላ ዋለ። ማታ ገጠምነው።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

በአንድ ጊዜ ተነሣች። ሰበብ አለቀብኝ።

ጥር 17፣ እሑድ

ዳንግላ ሄድኩ። ክላክሱን መልሼ ገጥሜው ነበር። አልነፋሁም።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። የወንድሟ የሽባባው በር ላይ ስቆም አራት አምስት ጎረቤት አብሮ ቆመ። ምህረቴ ወጣች። ከስታለች። ፀጉሯን በማላውቀው ዓይነት ተሠርታለች። የተነጋገርነው በአዊኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ስጽፈው ቃሉ ትንሽ ሳይዛነፍ አይቀርም።

«ምራቂ ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ፣ ሰው እየሰማ። «ሳገባት ሽማግሌ ሁለቴ ተመልሶብኝ፣ ሦስተኛው ላይ ለምኜ ያገኘኋት ናት። ልጅ ያጣነው ሁለታችን ነን። እኔ አፈርኩና እሷ ላይ ቀለድኩ።»

ማንም አልሳቀም። ሳልቀልድ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

እሷ የምታየው መኪናዋን ነው።

«ማን ገፋልህ?»

«ማንም።»

«ያን ሁሉ ዓመት የገፋሁት እኔ ነኝ። አንተ መሪ ይዘህ ትቀልዳለህ፣ እኔ ጭቃ ውስጥ ነኝ።»

«አሁን ሳትገፋ ትነሣለች።»

«አንተ ትዋሻለህ። ሞተር አይዋሽም። ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት ደውልና ስትነሣ አሰማኝ። ከዚያ እናያለን።»

ገባች። ሽባባው ውሃ ሰጠኝ። ጠጥቼ ተመለስኩ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን እስከ ቆሰበር ሲንቀጠቀጥ መጣ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት። ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሣች። «ሰማሁ» ብላ ዘጋች።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

«ሰማሁ።»

ጥር 20፣ ረቡዕ

ውርጭ ሣሩን አንጥቶት አደረ። ሁለት ጊዜ አጓርታ በሦስተኛው ተነሣች። «በሦስተኛው ነው» አለች። እየቆጠረች ነው። «እንደ እኔ ናት፣ በብርድ መነሣት አትወድም» አልኳት።

ሳቀች። እውነት ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ድንች ስጭን ትከሻዬ አልተሰማኝም።

ጥር 22፣ ዓርብ

ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ቤት ኔትወርክ የለም። አስነሥቼ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ እዚያ ያዘልኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ደወልኩና እንደገና አስነሣሁ።

ዝም ብዬ ብተወው ማን ያውቃል? ግን ነገርኳት። «ይሄ ሁለተኛው ማስነሣት ነው። የመጀመሪያው ቤት ነው፣ አልሰማሽውም። ይቆጠር አይቆጠር አንቺ ታውቂያለሽ።»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር። «ይቆጠር» አለች።

ጥር 23፣ ቅዳሜ። ጊዮርጊስ።

የበዓሉ ፈረሰኞች በማለዳ በደጃችን ማለፍ ጀመሩ። ስደውል መንገዱ ሁሉ ኮቴ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈረሶቹ ናቸው። ሞተሩ ከሥር አለ።»

ብዙ አዳመጠች። ሞተሩን ይሁን ፈረሶቹን አላውቅም። አገሯን ይሆን?

ጥር 24፣ እሑድ

ሰባተኛው። በአንድ ጊዜ ተነሣች።

ወዲያው አልዘጋችም። «ሳጥኔን አስሬአለሁ» አለች። «ወዴት እንደምትጭነው ነገ ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

ወዴት? ወደ ባሕር ዳር መኪና ወይስ ወደዚህ? አልጠየቅኋትም። ድሮ ቢሆን ቀልድ ጣል አድርጌ አወጣጣት ነበር። «እሺ» ብቻ አልኩ።

የኋላውን መጫኛ አጠብኩ። የድንቹ አፈር ከማዕዘኑ አልወጣ አለ፤ በቢላ ፋቅሁት። ወዴትም ይሁን፣ ሳጥኗ እንዳይቆሽሽ።

ይህን ደብተር ነገ እሰጣታለሁ። ደብዳቤው እምቢ እንዳለኝ ቀረ፤ ያለኝ ይኸው ነው። ለራሴ ነበር የጻፍኩት፤ እሷ የምታነበው ከሆነ ደግሞ ውሸት እንዳይኖርበት ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። ጉራውን ተውኩት፣ ጉራ መሆኑን ታውቀዋለች። አንድ ነገር ግን አለ።

ጥር 20 ቀን «ሳቀች» ብያለሁ። አልሳቀችም። ጉንፋን ይዟት ነበር። ሳል ነው፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋች። እኔ ሳቅ አድርጌ ጻፍኩት፤ ጽፌው ሳበቃ አመንኩት። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። አሁን ገልጬ «ቀ»ን እሰርዝና በላይዋ «ለ» እጽፋለሁ። ሳለች።