ዳገቱን አብረን የለካን መስሎኝ

ጽጌዬ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ስትሄጂ ጅምር የነበረው የኦልድ ካምፓላ መስጊድ ሊያልቅ ተቃርቧል። የቤታችንን ጣሪያ አስጠግኛለሁ። ጡረታ ወጥተን የጀመርነውን የቅዳሜ ትምህርትም አላቋረጥኩም፤ የስደተኞቹ ልጆች ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተጣበው ይቀመጣሉ።

አንቺ እንግሊዝኛ፣ እኔ ሒሳብ ነበርን። የመስመርን ተዳፋት፣ እዚህ ግራዲየንት የሚሉትን፣ እንዴት እንደማስተምር ታውቂያለሽ። ቀመሩን አስቀድሜ አልሰጥም። ዳገቱ ላይ ወጥተን የጣውላውን አንድ ጫፍ መሬት አስነክተን በውሃ ልክ አግድም እንይዘዋለን፤ ከሌላው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ለክተን ለጣውላው ርዝመት እናካፍላለን። በረጅሙም በአጭሩም ጣውላ ለክተው ውጤቱ አንድ ሲሆንባቸው ዓይናቸው ይበራ ነበር። አንቺም ከኋላ ቆመሽ ፈገግ ትዪ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለሄለን፣ ጎበዝ ለምንላት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ሣልኩላትና ተዳፋቱን ጠየቅኳት። እኔ ባልሰጠኋት ቀመር ቀናንሳ አካፈለች፤ ከታች፣ በአካፋዩ ቦታ፣ ዜሮ ሲመጣባት መልሱንም ዜሮ አለችው። ታዲያ ግድግዳና ሜዳ አንድ ናቸው ወይ አልኳት። ይህን ማን አስጠናሽ ስላት፣ እትዬ ጽጌ ናቸው አለችኝ። ዳገቱን ከመውጣታችን በፊት፣ በእንግሊዝኛው ሰዓት፣ በሩን ዘግተሽ። ለፈተናው ይቺን ቀመር ያዙ፣ ጋሼ ሲያሳዩዋችሁ ግን እንደ አዲስ ነገር ተደነቁላቸው ብለሽ። የማውቅ መስሏት እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ጽጌዬ፣ ቀመሩን መስጠትሽ አይደለም ያመመኝ። ስደተኛ ልጅ ፈተና ከወደቀ ሌላ በር እንደሌለው እኔም አውቃለሁ። ብትነግሪኝ እከራከርሽ ነበር፤ ምናልባትም ትረቺኝ ነበር። አንቺ ግን መደነቅንም አስጠናሻቸው። ያን ሁሉ ዓመት ካየኋቸው ፊቶች የትኛው የልጆቹ፣ የትኛው ያንቺ እንደነበረ አሁን መለየት አልችልም። ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚህ ሳምንት መቃብርሽ ዘንድ ያልመጣሁት ለዚህ ነው።

ትናንት ሄለንን ጠርቼ መሰላል ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። እግሩን ወደ ግድግዳው እያስጠጋች፣ ቁመቱን በየጊዜው ለክታ እግሩ ከግድግዳው ለራቀበት ርቀት አካፈለች። ቁጥሩ አደገ፣ አደገ፤ መሰላሉ ከግድግዳው ጋር ሲገጥም የምታካፍልበት አጣች። አልተደነቀችም። ግንባሯን ቋጥራ፣ እኔን እንኳን ረስታ፣ መሰላሉን ደጋግማ አየችው። ያን ፊት ማንም አላስጠናትም።

እስክከተልሽ አስታውስሻለሁ፣ ቃሌ ነው። የማስታውሰው ግን ደግነትሽን ብቻ አይደለም፤ ከነማታለልሽ ነው።

ባልሽ