አባባ የያዘልህ ቦታ

ለምወድህ ወንድሜ ዳና፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ከሽመናው ጉድጓድ ስትወጣ ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ አስቴርስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ማህደርስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጤናችን ደህና ነን። ቤታችን ግን ሰላም የለውም። በስልክ እንዳልነግርህ አባባ ድምፅህን ለመስማት አጠገቤ ተለጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ለነጋዴው ለከድር ሰጥቼዋለሁ፤ ጨርቅ ሊገዛ ሽሮ ሜዳ ሲመጣ ያደርስልሃል።

ነገሩ የዋሽንት ቡድኑ ነው። መቼም አልረሳኸውም፣ እያንዳንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው እዚያ ላይ ይቋረጣል። የሞተ ወይም የደከመ ሲኖር ሌላ ሰው ይተካል። ያንተን ቦታ ግን አባባ ለማንም አልሰጥም ብሎ ዋሽንትህን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። ልጄ ለመስቀል ይመጣል ይላል። ሰባት መስቀል አለፈ እኮ ዳና! ሰዎቹ እሱን አክብረው ሰባት ዓመት ሙሉ ዜማው እየተቆራረጠባቸው ሲነፉ ኖሩ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። በከተማው አዳራሽ ለመስቀል እንዲጫወቱ ተጠርተው ለሙከራ ሲነፉ፣ ዜማው ያንተ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። አዘጋጆቹ ሳቁ። አንደኛውማ ክፍተቱን በኪቦርድ እንሙላው አይል መሰለህ! የቡድኑ መሪ ጋሽ ኤርጫፎ ፊታቸው ጠቆረ። በማግስቱ ቤት መጥተው አባባን፣ ወይ ዳና ይምጣ ወይ ዋሽንቱን ለአናጢው ለሰይፈሥላሴ ስጠው፣ አለበለዚያ ቡድኑ መበተኑ ነው አሉት። ሁለት ሰዎች ከወዲሁ መቅረት ጀምረዋል። አባባ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? ልጄ እመጣለሁ ብሎኛል! ብለኸዋል ደግሞ፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከጓሮ የዋሽንት ድምፅ ሰማሁ። አባባ ሁለት ዋሽንት ይዞ ቆሟል። የራሱን ይነፋል፣ ቶሎ ብሎ ያንተን ይነፋል፣ እንደገና ወደ ራሱ ይመለሳል። ትንፋሹ አልደርስ አለው። ሳል ሲያጣድፈው ግድግዳውን ተደገፈ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው! ሲያየኝ ደንግጦ ሁለቱንም ከጀርባው ሸሸጋቸው። እኔም ያላየሁ መስዬ ገባሁና አለቀስኩ። ልንገርህ፣ በጣም ነው የተናደድኩብህ።

ና ብዬ አልለምንህም፤ ኑሮ እንዴት እንደያዘህ አውቃለሁ። የምትመጣ ከሆነ ቀኑን ቆርጠህ ንገረው። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ ዋሽንቴን ለሰይፈሥላሴ ስጠው ብለህ በራስህ አፍ ንገረው። የእኔንም የጋሽ ኤርጫፎንም አይሰማም። ያዝናል፣ ምናልባት ሁለት ቀን እህል አይቀምስም፤ እሱን ለእኔ ተውልኝ። ብቻ እባክህ፣ ከእንግዲህ እንዲያው እመጣለሁ አትበለው።

አስቴርን ናፍቀሽኛል በልልኝ፤ የማህደርን ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ አንገትህን አቅፋ ስማሃለች። ታናሻችን ምኞት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ነው፤ ጸልይልኝ ብላሃለች። ጋሽ ኤርጫፎም ቢያኮርፉህም ሰላም ብለውሃል። አባባ ሰላምታ አልላከልህም፤ መጻፌን አያውቅም።

እህትህ ሔርሜላ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.