ከደጄ ስለተቀመጠው ቀይ ባልዲ

ለተከበሩ የተምር ዛፍ ተባይ መከላከያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በባልደረቦችዎ ሁሉ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣስ በዚህ ሐሩር ሳያስቸግርዎ ይሠራል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ሰው ሲገናኝ ወሬ ይጠያየቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ «ከደግ በቀር ወሬ የለም» ነው። ስለሆነም ከደግ በቀር ወሬ እንደሌለኝ በቅድሚያ እየገለጽኩ፣ ቀጥሎ ያለውን ወሬ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

ስሜ ነስራ ቢንት ኸልፋን ነው። የዓይን ጉሱን ነዋሪ ነኝ። «ነዋሪዎች» ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ጎረቤቴ ሱሌይማን ባለፈው ዓመት ልጆቹ ወደ ዋና ከተማው ወደ መስካት ከወሰዱት ወዲህ መንደሩ ለእኔ ብቻ ቀርቷል። ከተራራው በቦይ የሚወርደው ውሃ፣ ያ ስንቱን ወንድማማች በመስኖ ተራ ያጣላ ውሃ፣ ዛሬ ቀን ከሌት የእኔ ነው። የሚከራከረኝ ሰው ባገኝ ግማሹን በደስታ እሰጠው ነበር።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈው ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልኝን ውለታ ሕዝብ እንዲያውቀው ነው። ውለታዎቹን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፤ ሙቀቱ ከመጥናቱ በፊት ያቅዛን የሚባል ትሑት ወጣት ተቆጣጣሪ ልከውልኛል። ከእሱ በፊት ደጄን የረገጠው ማን እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ማሰብ ነበረብኝ። እንደ ወጉ፣ ለምን እንደመጣ ሳልጠይቀው ተምር አቀረብኩለት። «እናቴ፣ ይሄ ተምር ነው ማር? ከየት አመጡት?» ሲለኝ ከኩሽናዬ በር ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ አሳየሁት። እሱም እዚያው ዛፍ ሥር ዙሪያውን የተበሳሳ ቀይ ባልዲ አስቀመጠ፤ ውሃ ሞላበት፤ ከክዳኑ ሥር ትንሽ የሽታ ከረጢት አንጠለጠለ። «ቀዩ ጥንዚዛ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ ይገባል፣ ውሃው ውስጥ ይሞታል፤ አለቀ!» አለኝ። ሲሄድም፣ «እንዳይነኩት ብቻ እናቴ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። በሁለት ሳምንት ተመልሼ ውሃውን እቀይራለሁ» አለኝ። እኔም ለሁለተኛው ሳምንት ጥሩ ጥሩውን ተምር ለይቼ አስቀመጥኩ። ተምሩ አሁንም አለ።

ሁለተኛ፤ የባልዲው ውሃ ደረቀ፤ ሽታው ግን አልደረቀም። ያቅዛን ትቶልኝ የሄደው በራሪ ጽሑፍ እንደሚያብራራው፣ ከረጢቷ የያዘችው ወንዱ ጥንዚዛ ወገኖቹን የሚጠራበትን ሽታ ነው፤ «ምግብ እዚህ አለ፣ ዘመድም እዚህ አለ፣ ኑ» እንደማለት ነው። ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ከዓይን ጉሱን እንዲህ ያለ የግብዣ ጥሪ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ስለዚህ መጡ። ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው ከሄዱት አትክልት ቦታዎች ሁሉ፣ ከሱሌይማንም ከሌሎቹም፣ እየበረሩ መጡ። ባልዲው ውስጥ ገብተው ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት በጥላው ትንሽ አርፈው በገቡበት ቀዳዳ ወጡ፤ ከዚያም አጠገቡ ያለው ዛፌ ውስጥ ቤታቸውን ሠሩ። ብቻዬን የምኖረውን ሴት ባለብዙ እንግዳ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ጥንዚዛን እንዲህ ከያለበት የሚሰበስብ ሽታ የቀመሙ ሊቃውንት፣ መስካት ያለች ልጅን የሚጠራ ሌላ ከረጢት ካላቸው፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን አንዲት እንዲልኩልኝ እለምናለሁ።

ዛፉን ባሌ ዛህራን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጃችን ዙወይና መራመድ በጀመረችበት ሰሞን ነው የተከለው። ያን ጊዜ እሷና ችግኙ እኩል ቁመት ነበራቸው። እሱ ከሞተ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የዐስርን ሶላት ሰግጄ ጀርባዬን ለዛፉ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ከግንዱ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ አንድ ሰው ከጓዳ ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ የሚያኝክ ይመስላል። እውነቱን ልንገርዎትና መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከቤቴ ሰው ያለ መሰለኝ። ትሎቹ የዛፉን ሆድ እየበሉ መሆኑን የተረዳሁት ከግንዱ የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ ሲወርድ ነው።

ሦስተኛ፤ ስልክ ደውዬ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ የሚያምር ነበር። «እናቴ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ‹ተጎብኝቷል› ነው የሚለው» አለችኝ። ማንም እንዳልመጣ ስነግራት፣ «እንግዲህ ሲመጣ እርስዎ አልነበሩማ!» አለችኝ። ይህ በመዝገብዎ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። ነበርኩ። ወዴት እሄዳለሁ? የመኪና ድምፅ ከሩቁ መታጠፊያ ስሰማ ሻሼን አስተካክዬ በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ፤ የሚመጣው ግን የጋዝ ሲሊንደር የሚያዞረው መኪና ብቻ ነው።

አራተኛ፤ በራሪ ጽሑፍዎ «ከጎረቤቶችዎ ጋር ተመካክረው በአንድ ቀን መድኃኒት ይርጩ» ይላል። ትእዛዙን አክብሬ የመንደሩን በሮች በሙሉ አንኳኳሁ። ከሱሌይማን በር ሥር አንድ እንሽላሊት ወጥቶ አየኝና ተመለሰ፤ አልተስማማም ብዬ መዝግቤዋለሁ።

አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ዛፉ እንዲቆረጥና እንዲቃጠል የሚያዝ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ለዚሁ ሥራ አምስት ሰዎች፣ ሁለት መጋዝና አንድ ጫኝ ማሽን ኀሙስ እንደሚመጡ ተገልጾልኛል። አንድ ሰው ከአንድ ጀሪካን ውሃ ጋር የሚልኩበት አቅም ጠፍቶ እንደነበር አውቃለሁና፣ አሁን ያገኙት አቅም ከልብ አስደስቶኛል። ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። «እማዬ፣ ዛፍ እኮ ነው! በቃ፣ ዝጊውና ነይ እኛ ጋ» አለችኝ። ልጄ ክፉ አይደለችም። ቤትዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጀርባ የሚሰጡት ነገር የለውም።

ልመናዬ አጭር ነው። የዛፉ ጫፍ ገና አልጠወለገም፤ መሐል ያለው ለጋ ቅጠሉ ቀጥ እንዳለ ነው። ራስዎ ያሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያለ ዛፍ ግንዱ ተበስቶ መድኃኒት ቢወጋ ሊተርፍ እንደሚችል ይናገራል። ከአምስቱ አንዱ መጋዙን ትቶ መርፌውን ይዞ ይምጣ። ይህን ዛፍ አይውሰዱብኝ፤ ከእሱ ሌላ ከእኔ ጋር የቀረ የለም።

መጋዙን ይዘው የሚመጡ ከሆነም በሬ ክፍት ነው። ሰዎቹ ግን የመንደራችንን ወግ አስቀድመው ይወቁልኝ፤ እንግዳ ቁጭ ብሎ ሳይበላ ለምን እንደመጣ አይጠየቅም፣ እሱም አይናገርም፣ ሥራውንም አይጀምርም። የማቀርብላቸው የዚያኑ ዛፍ ተምር ነው። ከዚያ ወሬ እጠይቃቸዋለሁ፤ የእያንዳንዳቸውን እናት፣ የእያንዳንዳቸውን ልጅ በስም እጠይቃለሁ። የቆየብኝ ወሬ ብዙ ነው። ሳቀርብም ቀስ ብዬ ነው።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለጽሕፈት ቤትዎም የማይደርቅ ውሃ እየተመኘሁ፣ ከጥሪዎ በፊት ብቸኛ፣ ከጥሪዎ በኋላ የጥንዚዛ መንደር አስተናጋጅ የሆንኩት አክባሪዎ፤

ነስራ ቢንት ኸልፋን
ዓይን ጉሱን፣ ክፍት ከሆነው ብቸኛ በር

ድኅረ ጽሑፍ፤ የመንግሥትን ንብረት ያለ ጠባቂ ማስቀመጥ ስለከበደኝ ትናንት ባልዲውን ከነሽታ ከረጢቱ በጋዝ መኪናው ጭኜ ከተማ ወርጄ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ እንደ ልማዱ ሰው አልነበረበትም። ስለዚህ በመግቢያዎ ለጌጥ ከተተከሉት ውብ የተምር ዛፎች መሐል፣ እርስዎ በሚይዙበት አያያዝ፣ ደረቁን አስቀምጬልዎታለሁ። እባክዎ ማንም እንዳይነካው። በሁለት ሳምንት ተመልሼ ውሃውን እቀይራለሁ፤ እኔ ደግሞ ካልኩ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።