የምራቴ ክንድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ጃኬት ዚፕ ቀየርኩ። ምራቴ ካውያውን በቀኝ ይዛ፣ ከባዱን ካፖርት በግራ እየገለበጠች ስትተኩስ፣ «አባባ፣ ይሄ ግራ ክንዴ ይከብደኛል» አለች። ካንሰር ነው ብለው ግራ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካወጡላት ዓመት አልሞላትም። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበርና «ነይ እስቲ» አልኳት። አንጓዋን፣ ክርኗን፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ... ሁለቱም ክንዶቿ እኩል። የክር ልዩነት የለም።

«ሜትር አይዋሽም! ስንፍና ነው የከበደሽ።»

ልጄ ሳቀ። እሷ ወደ ካፖርቱ ተመለሰች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬም «ከበደኝ» አለች። ሐኪም ቤት ልሂድ ስትል ባሏ እኔን አየ። «ተለክቷል እኮ! መጀመሪያ ለሠርጉ የታዘዘን የሚዜዎቹ ልብስ ይለቅ» አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የክትትል ቀጠሮዋ ቀን። ልጄ ሥራ ስላልተመቸው እኔ አደረስኳት። ነርሷ አስተኝታ እጆቿና እግሮቿ ላይ ገመድ ያለው ተለጣፊ ለጠፈችባት።

«ትንሽ ኤሌክትሪክ እናሳልፋለን፣ አይሰማትም። ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ በዚያ በኩል ያለው ክንድ ፈሳሽ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ፈሳሽ ባጠራቀመ ክንድ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል፤ ሁለቱን እናወዳድራለን።»

«ቆጣሪውስ በማን ስም ነው?» አልኩ። ሳቀች። ቁጥሩን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ግራው ፈሳሽ ይዟል።

«እኔ ስለካው እኩል ነበር።» ምን አስቀባጠረኝ?

«አባት፣ የምትሠራው በየትኛው እጇ ነው?»

«በቀኟ...»

አልኩና ክው አልኩ። የሚሠራ ክንድ ወፈር ይላል። ለስንቱ ሰው ቀኝ እጅጌ ሰፋ አድርጌ ቆርጫለሁ! ግራው ከቀኙ እኩል መሆኑ ራሱ ነበር የእብጠቱ ምልክት።

«መቼ ጀመረሽ?» አለቻት ነርሷ።

ምራቴ ወለሉን አየች። «በቅርቡ ነው።»

አላጋለጠችኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ለጸሎት ስቆም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሟቿ ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ሳታይ የምታምነው ፈጣሪን ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ...

ከምሳ በኋላ ልጄ ፊት «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ኧረ አባባ፣ ይተዉት! ባለማወቅ ነው።»

ነው? ሥራው እንዳይጓደልብኝ አልነበረም እንዴ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሐኪሙ ያዘዘላትን፣ እብጠቱን የሚይዝ ጥብቅ ያለ እጅጌ ታጠልቃለች። ካውያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ጠዋት፣ «ክንድሽ እንዴት አደረ?»

«ደህና ነው አባባ፣ ተመስገን።»

ደስ አለኝ። ወዲያው ጓዳ ገብታ ለባሏ ስትነግረው ሰማሁ። «ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው።»

አልፈርድባትም። ለእኔ መናገር ዋጋ እንደሌለው ያስተማርኳት ራሴ ነኝ።

ነገም እጠይቃታለሁ። «ደህና» ካለችኝም፣ ከነገ ወዲያ።